ስሙ የተቆረጠው ለቅሶ

ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ነው ያበላሸሁት።

የባለቤቴ የራኬብ ወንድም ግሩም የሞተው እሷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ወሬው ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ ያለው ቤታችን ሳይደርስ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ደረሰና ጋሼ አድማሱ ደወሉልኝ።

"ራኬብ አጠገብህ ናት?" አሉኝ።

"የለችም፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"እንግዲያው ቁጭ በል።"

የምሠራው ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ነው፤ ከመሬት በታች ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ። ቁጭ ከማለት ሌላ ሥራ የለኝም። ቁጭ እንዳልኩ ሰማሁ።

ጋሼ አድማሱ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት እሳቸውና የእድሩ ሴቶች መሪ እትዬ ሥርጉት አስጠርተውኝ ተመካከርን። ተመካከርን ማለት እነሱ ተናገሩ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ራኬብ ደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትነሺ ብሏታል። ድንገት ብትደነግጥ ለእሷም ለልጁም ያሰጋል።

"ለነፍሰ ጡር አይነገርም፣ ለአራስም አይነገርም" አሉ እትዬ ሥርጉት። "በሰላም ትገላገል፣ ልጁ ክርስትና ይነሳ። ከዚያ በማለዳ እንመጣለን። እስከዚያ አንተ ፊትህን አስተካክል። ሴት ነገር የምታነበው ከባሏ ፊት ላይ ነው።"

ፊቴን አስተካከልኩ። ኮምቦልቻ ላሉት ቤተሰቦቿም ደወልኩ። እናቷ እትዬ ሽታዬ ሲጮኹ ሰንብተው ድምፃቸው ስለተዘጋ ስልክ ማናገር አይችሉም ነበር። የቀሩት ሁለት ወንድሞቿ፣ ትልቁ ሀይለገብርኤልና መካከለኛው ክርስቲያን፣ "ድምፃችን ይከዳናል፤ ስልኳን ባናነሳ ይሻላል" አሉ። ስለዚህ ማንም አላነሳላትም። እኔ ለራኬብ "ኔትወርክ ተቋርጧል አሉ" አልኳት።

"ሁሉም ጋ?" አለች።

"ሁሉም ጋ።"

ውሸት ስጀምር እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

በሳምንቱ ክርስቲያን የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ለቅሶ መድረስ ላልቻለ ዘመድ ለቅሶውን ቀድቶ መላክ አሁን ልማድ ሆኗል። የቀብሩ ዕለት የተቀዳ ነው፣ አራት ደቂቃ። እትዬ ሽታዬ ድንኳን ውስጥ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። እንዲህ ብለው ነበር የጀመሩት፤

ግሩም የኔ ሹፌር፣ መንገድ የለመደ፣
ምነው ዛሬ ቀረ፣ ቤቱን እንደ ካደ።

ዳሱ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ግሩምን በአካል አላውቀውም፤ የተዋወቅነው በቪዲዮ ነው። ሁልጊዜ መሪ እንደጨበጠ "አማቼ፣ መኪና ትነዳለህ ወይስ ትጠብቃለህ?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። የሚገባኝን ነበር የሚለኝ፤ እወደው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሌላው ሥራዬ መናገር አለብኝ። ጋሼ አድማሱ ዮአብ የሚባል ልጅ አላቸው፤ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛ ሁሉን የሚሰማ፣ ሲመቸው ብቻ የሚናገር። እኔና እሱ ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሪከርድ ሌብል ከፍተናል። ዮአብ በእናቱ ስም "ወሰንየለሽ ሪከርድስ" አለው። የምንሠራው የኮምፒውተር ሙዚቃ ነው፤ ከበሮውም ክራሩም ከማሽን የሚወጣ። ከሠራን በኋላ ደግሞ በነፃ እናድለዋለን፣ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ለሚሠሩ ሰዎች። ቪዲዮ ሠሪ የሰው ሙዚቃ ሳያስፈቅድ ቢጠቀም ቪዲዮው ይወርድበታል፤ የእኛን ከወሰደ ግን ማንም አይጠይቀውም። እኛ የምንጠብቀው ከሚሰሙት መካከል ወደውት ወደ ገጻችን የሚመጡትን ነው። ገጹ ላይ ዮአብ በትልቁ የጻፈው ነገር በአማርኛ ሲነገር "ውሰድ፣ የራስህ አድርገው፣ መልስ አንልህም" ማለት ነው። በየዓርቡ አንድ አዲስ ሥራ እንለቃለን። ሁለት ዓመት ለቀቅን፤ መልስ ልንለው ይቅርና የሚወስደውም አልነበረም።

በዕረፍት ቀኔ ክፍሏ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ያንን ለቅሶ ከፈትኩት። የከፈትኩት ላዝን ነው፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ግን የእኔ ጆሮ ክፉ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው "ምነው ዛሬ ቀረ" ሲሉ ድምፃቸው ተሰንጥቆ ወደ ላይ የወጣባትን ቦታ ሰማሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ ያችን ብቻ ሰማሁ። ቆርጬ አወጣኋት። ደጋገምኳት። ከሥሯ ከበሮ አስገባሁ፣ ወፍራም ቤዝ አስገባሁ። የሟቹን ስም ግን አንድም ቦታ አላስቀረሁም። ግሩም የሚለውን፣ ሹፌር የሚለውን፣ መንገድ የሚለውን ሁሉ ጠርጌ አወጣሁ። እትዬ ሽታዬ ስሙን ለመጥራት ትንፋሽ ይስባሉ፤ ስሙ ሲወጣ ትንፋሹ ቀረ። ከትንፋሹ ቀጥሎ ባዶ በሆነው ቦታ ላይ አንድ የከበሮ ምት ጣልኩበት። ስም ከሌለው የማንም ለቅሶ አይደለም አልኩ። ይህን ስል ደግሞ ለሟቹ ክብር የምጨነቅ መስሎኝ ነበር።

ዮአብ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማው።

"ብሮ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም። እየሞከርኩ ነው።"

"ዓርብ ይሄን ሪሊስ እናደርጋለን።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዮአብ ሥራዬን ሰምቶ "ኖት ባድ" ከማለት አልፎ አያውቅም፤ ያን ቀን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሴትየዋ ማናት ሲለኝ "ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ድምፅ ነው" አልኩት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። ርእሱን "ዛሬ" ብለን ዓርብ ለቀቅነው።

እስከ ሰኞ ሠላሳ ሰው ወሰደው። ማክሰኞ አንድ ምንጣፍ አጣቢ ወሰደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራኬብ የአልጋ እስረኛ ከሆነች ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምታየው ምንጣፍ ሲታጠብ ነው። አትሳቁ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚያየው ነገር ነው። ቢጫ ቦት ጫማ ያደረገ ሰውዬ ጭቃ የበላው ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ውሃ ይለቅበታል፣ ይፈገፍጋል፤ መጨረሻ ላይ ከዚያ ሁሉ እድፍ ሥር አበባው ብቅ ይላል። "ልቤን ያሳርፈዋል" ትለኝ ነበር። አንድ ቀን አጠገቧ ተኝቼ ሁለት ሰዓት አብሬያት አይቻለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ዮአብ እየሳቀ ስልኩን ሰጠኝ። "ሰቨን ሀንድረድ ታውዘንድ ሰው አይቶታል። ኢን ዋን ዴይ።" መጀመሪያ ያየሁት ቢጫውን ቦት ጫማ ነው። ቀጥሎ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ። ጭቃው እየታጠበ ምነው ዛሬ ቀረ፣ ምነው ዛሬ ቀረ ይላሉ።

ዮአብን ምንም ሳልለው ወጣሁ። ፍሪዌዩ ተጨናንቆ ቫን ናይስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። መኪና ውስጥ የተሳልኩትን ስለት ሁሉ ብከፍል ኖሮ አንድ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ነበር። ቤት ስገባ ራኬብ በጎኗ ተኝታለች፤ ስልኳ ሆዷ አጠገብ በፊቱ ተደፍቷል።

"ዛሬ በጊዜ መጣህ" አለችኝ።

"ራሴን አሞኝ። ምንጣፍሽን አላየሽም እንዴ?" ሞኝ ጥያቄ ነበር።

"ባትሪ ጨርሷል" አለች። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ እሱንም በግፊቱ አሳበብኩት። ተመስገን ብዬ ስልኳን ቻርጅ ላድርግልሽ አልኩና ወስጄ፣ ሳሎን ውስጥ ቆሜ፣ ምንጣፍ አጣቢውን ከስልኳ ላይ ብሎክ አደረግኩት። ባትሪው ግማሽ ድረስ ሙሉ መሆኑን አይቻለሁ። አይቼ አለፍኩት።

በማግስቱ ለዮአብ እውነቱን ነገርኩት። ይህ የአባቱ እድር የደበቀው ለቅሶ መሆኑን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"የራኬብ እናት?" አለ።

"የራኬብ እናት።"

"ሶ ለምንድን ነው የሰጠኸኝ?"

ብዙ መልስ ነበረኝ፣ ሁሉም ውሸት። "ስላማረ" አልኩት።

ወዲያው ከገጻችን አወረድነው። ግን ምን ዋጋ አለው? እስከዚያ ሰዓት ድረስ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ኮፒው በእጁ ነው። ዮአብ ራሱ የጻፈውን ላይሰንስ፣ የፈቃድ ውሉን፣ ከፍቶ አሳየኝ፤ አንዴ የወሰደ ሰው ለዘላለም መጠቀም ይችላል ይላል። ለዘላለም የሚለውን ቃል እኔ ከቅዳሴ ውጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "መክሰስ እንችላለን?" ብዬ ጠየቅኩት። "በምን? እኛ ነን እኮ መልስ አንልም ያልነው" አለኝ። ለምንጣፍ አጣቢው ጻፍኩለት፤ እባክህ ሙዚቃውን ቀይርልኝ አልኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ በዚያው ቀን መለሰልኝ። ተመልካቾቹ በጣም ስለወደዱት በሚቀጥሉት ቪዲዮዎቹም ሊያስገባው እንደሆነ ነገረኝ፤ አመሰገነኝም።

ከዚያ በኋላ እየመጣ መሆኑን በጆሮዬ እከታተል ጀመር። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ ኬክ የምትጋግር ሴት፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰውዬ፣ ድመት። ሰዎች ቃሉን ሳያውቁት አብረው ይዘፍኑታል። ቀጥሎ ፓርኪንጌ ውስጥ ከአንዲት ቀይ መኪና መስኮት ወጣ፤ ነጂዋን ትኬት ሳልሰጣት አሳለፍኳት። ቀጥሎ ፌርፋክስ ደረሰ። ፀጉር ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ ሲከፍተው ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ "ይሄ አማርኛ ነው እንዴ? ለቅሶ ይመስላል" አለ። ግማሽ ፀጉሬን ተቆርጬ ወጣሁ። ዕንቁ የምትባል፣ ቪዲዮ ላይ የአገር ልብስ የምትሸጥ ልጅ የሙሽራ ቀሚስ ስታሳይበትማ የሐበሻው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ።

ቤት ውስጥ ኢንተርኔቱን አበላሸሁ። የይለፍ ቃሉን ቀይሬ ካምፓኒው ነው አልኳት። ሦስት ቀን ስልክ ይዤ ከማንም ጋር ሳልሆን "ሄሎ፣ አሁንም አልተሠራም" እያልኩ ተጨቃጨቅኩ። ራኬብ ከአልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ እኔ ግን ያኔ የሚያውቀው የእኔ ሆድ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ኢንተርኔቱን "አስጠገንኩት"። ወዲያው እሷ አንድ ቪዲዮ ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። የዕንቁ ቀሚስ ነው። ስልኩ ውስጥ እናቷ ያለቅሳሉ።

"ይሄ የእናንተ ነው አይደል?" አለችኝ። "ከሥሩ ወሰንየለሽ ይላል።"

"አዎ፣ የእኛ ነው።"

"ሴትየዋ ማናት?"

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ወደዚያች ደቂቃ ተመልሻለሁ። የጠየቀችኝ ፊቴን እያየች ነው። እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

"አላውቃትም። ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘነው፣ የተዘጋጀ ድምፅ ነው" አልኩ።

"ታሳዝናለች" አለችና ስልኩን አጠፋችው። እኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ድምፃቸውን አላወቀችውም ብዬ። ተዘግቶ የሻከረ፣ ተቆራርጦ ከበሮ የተጫነበት ድምፅ እንዴት ይታወቃል? አልኩ። ያን ቀን ራት በልቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ልጁ ገና ሳምንት ይቀረዋል እያልን ቀድሞ ተወለደ፤ ወንድ ነው፣ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። ራኬብም ተረፈች። ግፊቷ በወለደች በሦስተኛው ቀን ወረደ። እትዬ ሥርጉት ገንፎ ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ጎተት አድርገውኝ "ጎበዝ፣ ይዘሃታል። ትንሽ ቀረህ" አሉኝ። እውነትም ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ሰማኋት። ልጁን እያጠባች ታንጎራጉራለች። ዜማው የእኔ ነው፤ ምነው ዛሬ ቀረ። ከዚያ ትንፋሽ ትስባለች፣ ዝም ትላለች፤ እኔ ከበሮ የጣልኩበት ቦታ ላይ በጣቷ የአልጋውን እንጨት ትመታለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ኮሪደሩ ላይ ቁልፌን ይዤ ቆምኩ። ጎረቤት ሁሉ የሚያንጎራጉረው ነው፣ ተለክፋበት ነው አልኩ። ስገባ አቆመች።

"ሀይለገብርኤል አሁን ስንት ልጅ አለው? አራት?" አለችኝ ድንገት።

"አራት።"

"የክርስቲያን ሚስት ወለደች ይሆን?"

"በዚህ ወር ነው አሉ።"

"እንግዲያው ብቻውን የቀረው ግሩም ነው" አለች ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ እያዞረች። እኔ ናፍቆት መሰለኝ። የግሩምን ስም ስትጠራ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና ፓርክ ያደረግኩትን መኪና አየሁ።

እነዚያ ሳምንታት ከብደውኝ ነበር፤ ግን ውሸቴ የከበደኝ እኔን ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። እሷ ከቀን ወደ ቀን እየከሳች ነው። የእድሩ ሴቶች ጡት ማጥባት ነው አሉ። ስልክ መሞከሩን ትታለች፤ ኔትወርኩ መጣ ወይ ብላም አትጠይቅም። ይህ እንዴት እንዳላስደነገጠኝ እኔው ራሴ አይገባኝም። አለመጠየቋ ተመችቶኝ ነበር።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ። በማግስቱ ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እንደተስማማነው ጋሼ አድማሱ፣ እትዬ ሥርጉት፣ ዮአብና ሌሎች አምስት ሰዎች በሦስት መኪና መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከኮታቸው ሥር ደብቀዋል። ደረጃውን ሲወጡ የጫማቸው ድምፅ ይሰማል፤ ማንም አያወራም። ራኬብ ተኝታለች ብዬ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩላቸው።

አልተኛችም ነበር። ሳሎኑ ውስጥ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ለጽሕፈት ቤት ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ሰው እጇን አጣጥፋ ነበር።

"ግቡ" አለች። "ዛሬ መሆኑን ገምቻለሁ።"

ሁሉም ቆሙ። ጋሼ አድማሱ ብዙ መርዶ ነግረዋል፤ እንዲህ ያለ አላጋጠማቸውም። ቆባቸውን አውልቀው "ልጄ፣ መቼም የሰው ልጅ..." ብለው ጀመሩ።

"ጋሼ አድማሱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "እንደሞተብኝ አውቃለሁ። የማላውቀው የትኛው እንደሆነ ነው።"

እትዬ ሥርጉት ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬቱን አየሁ።

"ያን ረቡዕ ነው የሰማሁት" አለችኝ፣ አሁን ለእኔ ብቻ። "ምንጣፉ ሲታጠብ። እናቴን የማላውቃት መሰለህ? አባቴ ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ያን ጊዜ ያለቀሰችውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እናቴ ለጎረቤት እንዲህ አትጮኽም። ለልጆቿ ነው።"

"ራኬብ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ጠየቅኩህ። ሴትየዋ ማናት አልኩህ። አላውቃትም አልከኝ።" ድምፅዋን አላነሳችም፤ ልጁ እንዳይነቃ ነው። "ከዚያ ወዲህ ፈራሁ። ብጨቀጭቅህ ትነግረኛለህ፤ ልጁ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ነው። እሱ እስኪወጣ ብዬ፣ ከዚያ እስኪጠና ብዬ። ስትተኛ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስንት መቶ ጊዜ ሰማሁት፣ ስሙን ፍለጋ። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ ትስባለች፣ ልትጠራው ነው፤ ከዚያ ከበሮ ይመታል። ስሙ እዚያ ነበር አይደል?"

"አዎ" አልኩ።

"ስሙን ብትተወው አንድ ወንድም ነበር የሚሞትብኝ። ሦስቱንም ቀበርኳቸው። አንድ ቀን ሀይለገብርኤልን፣ አንድ ቀን ክርስቲያንን፣ አንድ ቀን ግሩምን።" ከዚያ ወደ ጋሼ አድማሱ ቀና ብላ "ሰው ክፉ ነው" አለች። "እየቆየሁ ስሄድ መምረጥ ጀመርኩ። ይሄ አይሁን፣ ያኛው ይሁን እያልኩ። አንዱን በስሙ ጠርቼ ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። እሱን ውሰድና ሌሎቹን ተውልኝ አልኩት። እያጠባሁ፣ ጋሼ አድማሱ። ልጄን እያጠባሁ ወንድሜን ሰጠሁ።"

ማንን እንደሆነ የጠየቃት የለም። ዮአብ በሩ ላይ ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ጋሼ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ።

"እርስዎ አይንገሩኝ" አለች። "ከእሷ አፍ ልስማው። ሙሉው አለህ አይደል?"

ነበረኝ። ስልኬን አወጣሁ። ከፈትኩትና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቷ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የድንኳኑ ጫጫታ መጣ፣ የሴቶች ሳል፣ ወንበር ሲጎተት። ከዚያ እትዬ ሽታዬ ትንፋሽ ሳቡ። ከበሮ የለም።

ግሩም የኔ ሹፌር፣ መንገድ የለመደ።

እትዬ ሥርጉት ነጠላቸውን አውጥተው ጮኹ። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏቸው፣ ልጁም ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ራኬብ አላለቀሰችም። ልጁን አንስታ ደረቷ ላይ አስደገፈችውና በእጇ ጆሮውን ሸፈነች። ከዚያ አየችኝ።

"ሚስት የለው፣ ልጅ የለው ብዬ" አለች፣ "እሱን ነበር የሰጠሁት።"

ስልኩን ማጥፋት አልቻልኩም። ገና ሦስት ደቂቃ ተኩል ይቀረው ነበር።